ጅብ በጾም ወራት ምን ይበላል?
(ለመጠለያ ጣቢያው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

ጅብ ከተማ የሚገባው ከቄራና ከሥጋ ቤት የሚጣለውን አጥንትና ትራፊ ፍለጋ ነው። ይህ ሲጠፋበትስ? በሰሜን ኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መልስ ይሰጣል። ጅብ የበላው እንስሳ ጠጉር ሳይፈጭ ስለሚወጣ፣ ተመራማሪዎች የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው መረመሩ። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ጠጉር የተገኘው ከመቶ 15 ያህሉ ላይ ነበር። በ55ቱ የጾም ቀናት ሕዝቡ ሥጋ ሲተው፣ ትራፊውም ሲመናመን፣ ወደ 33 ከፍ አለ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ዝቅ አለ።

ለእኛም ትምህርት አለው። ሜዳ ላይ የሚጣል ትራፊ ጅብን ያለማምዳል፤ ስለዚህ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ሆኖም የለመደ ጅብ ትራፊው ሲቀርበት ፊቱን ወደ ከብት ያዞራል። መቅበር በጀመርንበት ሰሞንና በጾም ወራት አህያና ፍየል በጠንካራ አጥር ውስጥ ይደሩ፤ ሕፃናትም ከመሸ ብቻቸውን አይውጡ። አህያ የሞተችበት ቤተሰብ ውኃውንና እንጨቱን በጀርባው ይሸከማል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ከወዲሁ እንጠንቀቅ።