ለማታ ዕቃ አድራሽ የሚሆን የእጅ ባትሪ

አቅራቢ 1፦ ማታ በሞተር ወይም በብስክሌት ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች የእጅ ባትሪ ሲገዙ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሉመን ቁጥር ላይ ነው። ለእነሱ ሥራ ወሳኙ ግን የብርሃኑ ስፋትና ዝቅ ማለት መቻሉ ነው እላለሁ። ሉመን የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን እንጂ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። አድራሹ የሚፈልገው ሁሉ ደግሞ ቅርብ ነው፤ የቤት ቁጥር፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ መብራት የሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ። ኃይለኛ ጨረር ከቁጥሩ ቆርቆሮ ተመልሶ ዓይን ይወጋል፤ ዓይን ጨለማውን መልሶ በሚገባ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል።

አቅራቢ 2፦ መብራት በጠፋበት ሰፈር ግን ውሻውን ከሩቅ ማየት ግድ ነው። ደግሞስ ስልኩ መብራት አለው፤ ለምን ሌላ ወጪ ይጨመርበት?

አቅራቢ 1፦ የውሻው ነገር እውነት ነው፤ ደማቁም ይኑር፣ ሲበራ ቀድሞ የሚመጣው ግን ዝቅተኛው ይሁን። ስልኩን በተመለከተ አልስማማም። ካርታውም ደንበኛውም ያሉት በስልኩ ቻርጅ ላይ ነው፤ አንድ እጅም ይይዛል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ሁለቱንም እጅ ነፃ ያወጣል፤ በር የሚከፍተውን ሰው ዓይን እንዳያጥበረብር ግን ወደ ታች የሚታጠፍ መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይ ያለው ሰዓትም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል1 በተባለው መለኪያ ቆይታው የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። ለክረምቱ ዝናብ ደግሞ ቢያንስ አይፒኤክስ4 የሚል የውኃ መከላከያ ደረጃ ያለው ይፈልጉ።