የዓሣ ዘይትና የልብ ጤና
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተነበበ ንግግር)



ልጆቻችን ከአሜሪካ የሚልኩልንን የዓሣ ዘይት እንክብል ብዙዎቻችን «ለልብ ፍቱን ነው» እያልን እንውጣለን። ስላሰቡልን ይመስገኑ፤ ነገሩን ግን እንመርምረው።

ወሬው የመጣው ከወደ ግሪንላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባንግና ዳየርበርግ የተባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች፣ የባሕር እንስሳ የሚመገቡት የዚያ አገር ሰዎች የልብ በሽታ እምብዛም እንደማያጠቃቸው ጻፉ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 «ቫይታል» የተባለው የአሜሪካ ጥናት ውጤት ወጣ። ከ25,000 ሰዎች በላይ፣ ገሚሱ በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት፣ ገሚሱ ባዶ እንክብል፣ 5 ዓመት ያህል ዋጡ። የልብ ሕመሙ፣ ስትሮኩና በዚሁ የሚመጣው ሞት ተደምሮ ሲታይ፣ በሁለቱ ወገን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የደም ስብ ለበዛባቸው ሕመምተኞች ሐኪም መርጦ የሚያዘው ግን ሌላ ነው፤ መጠኑም ከፍ ያለ ነው።

ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? «የዓሣ ዘይት እወስዳለሁ» ብሎ የደም ግፊት ክኒን ማቋረጡ ላይ ነው። ግፊት ድምፅ የለውም፤ ሳያስጠነቅቅ ይጥላል።

ስለዚህ ግፊታችንን እንለካ፣ ጨው እንቀንስ፣ በእግራችን እንሂድ፣ የታዘዘልንን መድኃኒት ሐኪም ሳናማክር አንተው። ዓሣውንም ስናገኝ ከማዕድ እንብላው። የዕድራችን ድንኳን ሳይተከል ይቆየን።