ጥርሱ ደኅና ሆኖ የሚያመው ሰው

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት በጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



የጥርስ ሐኪም ሲባል ሁሉም ሰው የሚታየው ጉጠት ነው። እኛም ይህን ትምህርት ስንጀምር ሥራችን ከድድ አያልፍም ብለን ነበር። ዳሩ ግን በተግባር ትምህርት ላይ ሳለን አንዲት እናት መጡና ይህ ሐሳባችን ፈረሰ።

ግራ መንጋጋቸውን ያማቸዋል። አስቀድመው ሌላ ዘንድ ሁለት ጥርስ አስነቅለዋል፤ ሕመሙ ግን ከተነቀለው ወደ ጎረቤቱ እየተሻገረ አልተዋቸውም። «ሦስተኛውንም ንቀሉልኝ» አሉን። ራጅ አነሣን፤ በብረት ጫፍ መታ መታ አደረግን፤ በቀዝቃዛ ነገርም ፈተንን። ጥርሱ ደኅና ነው። መምህራችን ስለ እንቅልፋቸው ሲጠይቋቸው፣ ወንድ ልጃቸው ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ እንደ ራቃቸው፣ ሸለብ ሲያደርጋቸውም ጥርሳቸውን እንደሚያፋጩ ሴት ልጃቸው እንደ ነገረቻቸው አወጉን።

እንግዲህ ምን ይባላሉ? «ምንም የለብዎትም» ማለት ሐሰት ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነውና። ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ ብሎ ወረቀት መስጠት ደግሞ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። በአዲስ አበባ «አማኑኤል ሂድ» ማለት ስድብ ሆኖ መኖሩን የማያውቅ የለም። ያንን ወረቀት የተቀበለ ሰው ከበር ላይ ቀዶ ጥሎት ወደ ሌላ ነቃይ ይሄዳል፤ ደኅናውም ጥርስ ይነቀላል።

መምህራችን ግን እንዲህ አሉ፦ «እናቴ፣ ሕመሙ እውነት ነው፤ ጥርሱ ግን አላጠፋም። ኀዘን ጡንቻን ያኮማትራል፤ መንጋጋም ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ይታመማል። እኛ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ልባስ እንሠራልዎታለን። ለኀዘኑ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ባለሙያ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ እኛ ይመለሱ።» ትልቁ ነገር ይህ የመጨረሻው ቃል ይመስለናል፤ ሕመምተኛው እንዳልተጣለ ያውቃልና። እናታችንም ተመለሱ። ባለሙያውን አንድ ጊዜ አይተውታል፤ ሕመሙ ገና አልለቀቃቸውም፤ ሦስተኛው ጥርስ ግን በቦታው ነው።

ሌላው ፍርሃት ነው። በስዊድን አገር በየተቦሪ ከተማ ኡልፍ በርግረን በ1984 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት ነገሩ እንደ ቀለበት ይዞራል፤ የፈራ ይቀራል፣ የቀረ ጥርሱ ይበላሻል፣ የተበላሸበት ያፍራል፣ ያፈረም ይበልጥ ይፈራል። ፍርሃቱን ለመለካት አሜሪካዊው ኖርማን ኮራ በ1969 እ.ኤ.አ. አራት ጥያቄ አዘጋጅተዋል፤ ነጥቡ ከ4 እስከ 20 ይደርሳል፣ 15ና ከዚያ በላይ ያገኘ እጅግ የሚፈራ ነው። አራት ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ የለንም የሚል ሐኪም፣ የሸሸውን በሽተኛ ሲጠብቅ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያባክናል። መድኃኒቱም ጆሴፍ ዎልፔ በ1958 እ.ኤ.አ. የጻፉለት የደረጃ በደረጃ ልምምድ ነው፦ ዛሬ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ብቻ፣ ቀጥሎ መስተዋቱ፣ ከዚያ የመሰርሰሪያው ድምፅ።

የላይኛው የፊት ጥርስ በስተውስጥ ተበልቶ ሲገኝ ደግሞ፣ እየደጋገሙ ማስመለስ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ቤተሰብ በሌለበት፣ በቀስታ መጠየቅ ይገባል።

እውነቱን እንናገርና፣ ጉጠት አያያዝ የተማርነውን ያህል አጠያየቅ አልተማርንም። ስለዚህ ከሥነ ልቡና ትምህርት ክፍል የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ በሽተኛ ስናነጋግር ብታዩንና ብታርሙን እንለምናለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከሻዩ በኋላ በበሩ አጠገብ እንጠብቃችኋለን።