ስለ ሰውነት ጠባቂ ኃይልና ስለ ዝሆኔ ሕመም

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን፣ ቀይ አፈር በበዛበት ስፍራ፣ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ሲነገር የምንሰማው ሁለት ነገር ነው፤ አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላውም ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ይላል። በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ከማኅበር ይለያል፤ ልጁ ለጋብቻ አትጠየቅም፤ ተማሪውም ጓደኞቹ ሲሸሹት አፍሮ ትምህርቱን ይተዋል። ዛሬ ላስረዳችሁ የተነሣሁት ሁለቱም አሳብ እውነት አለመሆኑን ነው። በደጋ የሚታየው ዝሆኔ ሰውነታችንን የሚጠብቀው ኃይል ጠላቱን ማሸነፍ አቅቶት ዕረፍት ሳያገኝ ሲዋጋ የሚያመጣው ጉዳት ነው። ይህንን ለመረዳት አስቀድሞ የጠባቂውን ኃይል አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

እሾህ ወግቶት የማያውቅ የገጠር ልጅ አይገኝም። እሾህ የገባበት ስፍራ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይግላል፤ ያማል። እነዚህን 4 ምልክቶች ሴልሱስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ጽፎአቸው ነበር። ሐኪሞች ይህን ነገር ብግነት ይሉታል። ብግነት በሽታ መስሎ ቢታየንም በመሠረቱ የመከላከል ሥራ ነው። ቦታው የሚቀላውና የሚግለው ደም ወደዚያ በብዛት ስለሚፈስ ነው፤ የሚያብጠውም ከደም ሥሮች ውስጥ ውሃና ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቆሰለው ሥጋ ስለሚወጡ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት የሚሠሩትን ሥራ ገልጦ ያሳየ ኢሊያ ሜችኒኮቭ የተባለ በሩሲያ ግዛት የተወለደ ሊቅ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 በኢጣሊያ አገር በሜሲና ሳለ፣ አካሉ እንደ መስተዋት ወለል አድርጎ በሚያሳይ በባሕር ኮከብ ግልገል ላይ ትንሽ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ በማጉያ መሣሪያ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ከዚህም ተነሥቶ በሰውነታችን ውስጥ ባዕድ ነገርን እየዋጡ የሚያጠፉ ሕዋሳት እንዳሉ አስረዳ። በ1908 በደም ውስጥ ስላሉት የመከላከያ ንጥረ ነገሮች ከመረመረው ከጀርመናዊው ከፓውል ኧርሊክ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

የሰውነት ጠባቂዎች በሁለት ክፍል ይመደባሉ። የፊተኞቹ ማንንም ባዕድ ሳይመርጡ ፈጥነው የሚደርሱ ናቸው፤ ዋጮቹ ሕዋሳት ከእነዚህ ወገን ናቸው። የኋለኞቹ ግን ዘግይተው ይነሣሉ፤ ነገር ግን የጠላቱን መልክ ለይተው ይማራሉ፤ የተማሩትንም ለብዙ ዘመን አይረሱም። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ የማይያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የክትባትም ጥበብ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ሳይመጣ ጠባቂዎቹ የጠላቱን መልክ አስቀድመው እንዲማሩ ያደርጋል።

ጠባቂዎቹ የሚሰበሰቡባቸው ኬላዎችም አሉ። ከደም ሥሮች ወደ ሥጋ የወጣው ውሃ ሊምፍ ይባላል፤ እርሱም በቀጫጭን ቧንቧዎች ተሰብስቦ ወደ ደም ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ግን ዕጢዎች አሉ፤ በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ይፈተሻል። እግሩ የቆሰለ ልጅ በብሽሽቱ ንፍፊት ሲያወጣ አይታችኋል። ቁስሉ በእግር ሆኖ ሳለ እብጠቱ በብሽሽት የሚታየው ከእግር የመጣው ጠላት በዚያ ኬላ ላይ ስለ ተያዘ ነው።

እንግዲህ መልካም ሠራዊት ድል ካደረገ በኋላ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። እሾሁ ሲወጣ እብጠቱ ይጎድላል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፤ የተጎዳው ሥጋ ይጠገናል። ጠላቱ ያልወጣ እንደ ሆነ ወይም በየቀኑ የሚመለስ እንደ ሆነ ግን ሠራዊቱ አይበተንም። የሚዋጋበትም ስፍራ የገዛ አገሩ ነውና እርሻውንም ቤቱንም እየረገጠ ያበላሸዋል። ሐኪሞች ይህን ሥር የሰደደ ብግነት ይሉታል። የተጎዳው ሥጋ ሳይድን ደግሞ ስለሚጎዳ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደራረባል፤ ለስላሳውም ይጠነክራል። በትራኮማ የሚታወር ሰው የሚታወረው በዚህ መንገድ ነው፤ በልጅነቱ በተደጋጋሚ የተቆጣው የዐይኑ ሽፋን በውስጥ በኩል ጠባሳ ያበጅና ይጨማደዳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ የዐይኑን ብሌን ይፍቃል።

አሁን ወደ ዝሆኔ እንመለስ። በባዶ እግሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት የሚሄድና የሚያርስ ሰው በዐይን የማይታይ የአፈር ደቃቅ በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባበታል። ዋጮቹ ሕዋሳት እንደ ልማዳቸው ይውጡታል፤ ነገር ግን ማዕድን ነውና ሊፈጩት አይችሉም። ዛሬ የገባው ሳይጠፋ ነገ ሌላ ይጨመራል። ብግነቱ በሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥ ሥር ሰዶ ግድግዳቸውን ያጠነክራል፤ መንገዳቸውንም ያጠብባል። መውረጃው የተደፈነበት ቦይ በእርሻ ላይ እንደሚተኛ ሁሉ፣ ወደ ደም መመለስ የሚገባው ውሃ በእግር ውስጥ ይቀራል፤ እግሩም ያብጣል።

ይህን ነገር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ውስጥ በብርቱ የመረመረው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ከሕመምተኞች ዕጢዎች ውስጥ የአፈሩን ደቃቅ አገኘ፤ ሕመሙንም እግርና ትቢያ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደ ተያዙ ይገመታል፤ ጎጃም፣ ወላይታና ወለጋ ሕመሙ ከሚታይባቸው አገሮች መካከል ናቸው። በቆላ አገር ትንኝ በሚያጋባው ትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ እርሱም ቢሆን በመንካት ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

«በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት ሰዎች ስለ ምን አንዱ ይታመማል፤ ሌላው ይድናል? ስለ ምንስ በአንድ ቤተ ዘመድ ይበዛል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፋሲል ተኮላ አየለ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር በ2012 እንዳሳየው፣ ጠባቂው ኃይል ባዕዱን ነገር የሚለይበት በዘር የሚወረስ ምልክት በሕመምተኞቹና በጤነኞቹ ዘንድ ልዩነት አለው። ስለዚህ ከወላጅ የሚወረሰው ሕመሙ ሳይሆን ለአፈሩ ቶሎ የመቆጣት ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ ያለበት ሰው እንኳ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። አባቷ ዝሆኔ አለበት ተብላ የምትነቀፈዋን ልጅ የሚያስፈልጋት ጫማ እንጂ ነቀፋ አይደለም።

የሕመሙን መጀመሪያ መለየት ለመምህራን ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። የእግር ጣቶች አካባቢ ያሳክካል፤ ሌሊት እግርን ያቃጥላል፤ ቀን ያበጠውም እግር በማለዳ ጎድሎ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የተጠነቀቀ ሰው እብጠቱ ሊመለስለት ይችላል፤ ቆዳው ከወፈረና ከጎጠጎጠ በኋላ ግን ፈጽሞ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

ሕመሙ ለቆየበትም ሰው ተስፋ አለው። እግሩን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያድርቅ፤ ቫዝሊን ይቀባ፤ ሐኪም እንዳሳየው በፋሻ ይጠቅልል፤ ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩን ከፍ ያድርግ፤ ያንቀሳቅሰውም፤ ካልሲና ጫማ ያድርግ። በምሥራቅ ጎጃም ለ1 ዓመት ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን የሚመስል ቀላል እንክብካቤ ያገኙ ሕመምተኞች እግር እየጋለና እያበጠ ከሥራ የሚያውለውን ሕመም የሚታመሙበት ጊዜ ከሌሎቹ አንሷል። የተሰነጠቀ ቆዳ ለተሕዋስያን በር ነውና፣ ቆዳው ሲድን ሠራዊቱም አዲስ ጦርነት አይነሣበትም።

መምህራን ሆይ፤ ለሕፃናት እግርን ታጥቦ ማድረቅን እንደ ፊደል አስተምሯቸው። ጫማ የሌለውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አትውቀሱት፤ ይልቁንስ ጫማ የሚገኝበትን መንገድ ከወላጆቹ ጋር ምከሩ። ያበጠ እግር ያለውን ተማሪ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወንበር አስቀምጡት፤ እናንተ ስትቀርቡት ልጆቹም ይቀርቡታልና።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ በዕድርና በማኅበር፣ በሰርግና በሽምግልና የእናንተ ቃል ይሰማል። ይጋባል የሚለውን ወሬ የሚያቆመው ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ከሕመምተኛው ጋር በአንድ መሶብ የምትቀርቡት እናንተ ናችሁ። በሰሜን አፍሪካ ይህ ሕመም የጠፋው ሕዝቡ ጫማ ማድረግን ከለመደ ወዲህ ነው። ሕመምተኛውን ከመካከላችን ማራቅ ሕመሙን አላራቀልንም፤ የሚያርቀው አፈሩን ከእግራችን ማራቅ ነው።