ሠራተኛው ባለበት ሕጉም አለ



ኮምፒውተሩን ይዞ ውጭ አገር ሆኖ መሥራት የሚጠይቅ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ በርክቷል። ሥራው እስካልተጓደለ ድረስ አሠሪው እሺ ቢል አይገርምም። የእኔ ክርክር ፈቃዱን የሚቃወም አይደለም፤ ፈቃጁ ግን ሥራ አስኪያጁ ብቻ አይደለም ነው የምለው። ሠራተኛው የተቀመጠበት አገር ሕግም ሳይጠራ ከውሉ ይገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በቤቱ ወይም በመረጠው ሌላ ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር የሚሠራበትን ውል ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው ያ «ሌላ ቦታ» ድንበር ሲሻገር ነው። የአንድ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ኑሮዋን ፍራንክፈርት አድርጋ ከዚያው ትሠራለች እንበል። በእኛ አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የሚገባት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው፤ የጀርመን ሕግ ግን በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ከ20 ቀን በታች አይቀበልም። ድርጅቱ በኢሜይል ቢያሰናብታት፣ እዚያ ስንብት በወረቀት ሰፍሮ በእጅ ካልተፈረመ ዋጋ የለውም። ፍራንክፈርት ቢሮ ባይኖረውም የማኅበራዊ መድን መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል፤ እዚህ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ መክፈሉ ብቻውን ከዚያ ነፃ አያወጣውም።

«ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ ይገዛል ብለን ጽፈናል» የሚል መልስ ይሰማል። ሮም አንድ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንቀጽ 8 ተዋዋዮች ሕግ እንዲመርጡ ይፈቅዳል፤ ምርጫቸው ግን ሠራተኛው ዘወትር የሚሠራበት አገር ሕግ የሚሰጠውን፣ በስምምነት የማይቀር ጥበቃ አይነጥቀውም። «በአማካሪነት እናዋውለው» የሚለውም መሸሸጊያ አይሆንም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በኡበር ጉዳይ ሲወስን የመዘነው በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ስያሜ ሳይሆን የሥራውን እውነተኛ ገጽታ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ፣ ለጥቂት ሳምንታት ቆይታ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት አለው፤ ብዙ የግብር ስምምነቶች ቆይታው ከ183 ቀናት ካልበለጠ፣ ደመወዙንም የሚከፍለው የዚያ አገር ነዋሪ ያልሆነ አሠሪ ከሆነና እዚያ ባለው ቅርንጫፍ ካልተሸፈነ፣ ሠራተኛውን ከዚያ አገር የደመወዝ ግብር ያድኑታል። ይህ ግን የግብር ደንብ ነው። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ለሚሠራ የሥራ ፈቃድ አይሆነውም። ስምምነት በሌለበትም አይሠራም፤ ለምሳሌ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት የለም። በአሠሪው ስም ውል የመፈረም ሥልጣን ይዞ የሄደ ሠራተኛ ደግሞ ድርጅቱ በዚያ አገር በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት እንዳለው ሊያስቆጥረው፣ የትርፍ ግብርም ሊያመጣበት ይችላል።

እንግዲያው አሠሪው ከመፍቀዱ በፊት የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ቪዛና በምን ሥልጣን ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። በደፈናው መከልከል ቀላል ይመስላል። የተከለከለ ሠራተኛ ግን ተደብቆ ሊሄድ ይችላል፤ አሠሪውም የትኛው ሕግ እንደሚጠብቀው የሚያውቀው ተከሶ መጥሪያ ሲደርሰው ይሆናል።