ነባር ሰፈርና አዲስ ጎረቤት

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ምንጭ ማጎልበትም ችግኝ ተከላም አይደለም፤ ሰፈር ነው። ስለ ውኃና ስለ ጤና ዕቅድ ስናወጣ ሰፈር ሁልጊዜ ያለ ስለሚመስል በአጀንዳ አይያዝም። ይሁን እንጂ ዕቅዱ ከወረቀት ወደ ሰው ቤት የሚገባው በሰፈር በኩል ነው፤ ሰፈሩ የማያውቀውን ሰው ዕቅዱም አያገኘውም።

በደብረ ታቦር ነባር ሰፈር የኖረ ሁሉ ኑሮው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ቤቱ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። አንዱ ቤት ከሌላው ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የላይኛው ቤት የክረምት ፍሳሽ በታችኛው ቤት ደጅ ያልፋል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የታመመው፣ የወለደችው፣ ከሩቅ የመጣው እንግዳ፣ የእህሉ ዋጋ ሁሉ ይወሳል። ልጅ ሲያጠፋ እናቱ ሳትሰማ ጎረቤት ይገሥጸዋል። ሌሊት የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳኑ ወዴት እንደሚሄድ ብዙ አይጠየቅም፤ በሽተኛው በማን ቤት እንደ ተኛ ሰፈሩ አስቀድሞ ያውቃልና።

በገበያ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ከአጥሩ አልፎ ይሰፋል። ከፋርጣና ከጉና ግርጌ ድንቹን፣ ገብሱንና ግብጦውን በአህያ ጭኖ፣ በጉን እየነዳ የሚወርደው ገበሬ በከተማው ውስጥ የሚያውቀው ቤት አለው። አህያውን በዚያ ግቢ ያስራል፤ ያልተሸጠለትን እህል በዚያ ያሳድራል፤ ጠላ ይቀዳለታል። ትውውቁ ሲቆይ አበ ልጅነት ይከተላል፤ የከተማው ሰው የገበሬውን ልጅ ክርስትና ያነሣል፣ በሠርግና በተዝካር ይጠራራሉ። ይህ ዝምድና በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም፤ ነገር ግን በድርቅ ዓመት ማን ማንን እንደሚረዳ የሚወስነው እርሱ ነው።

ይህን ስንል ነባር ሰፈርን ያለ ነውር ለማቅረብ አይደለም። ሁሉ የሚተዋወቅበት ቦታ ሁሉ የሚተያይበት ቦታም ነው። የአጥርና የፍሳሽ ክርክር ሽማግሌዎችን ለዓመታት ሲያመላልስ ይኖራል። ሐሜቱንም ሁላችን እናውቀዋለን። ከሁሉ የሚከብደው ግን በተከበረ ቤት ውስጥ የሚደበቅ ችግር ነው፤ ለሰንበቴ ዳቦና ጠላ ስታዘጋጅ የኖረች እናት አቅሟ ሲደክም ተራዋን ላለማጓደል ትበደራለች እንጂ «አልቻልሁም» አትልም። እንዲህ ያለውን ቤት ከንስሐ አባት በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ነባር የሚባለው ማን ነው? «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ከተመ» የተገኘ ነው፤ መኳንንቱና ነገሥታቱ ሠራዊታቸውን ይዘው የሚሰፍሩበት ማለት ነበር። ደብረ ታቦርም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራስ ጉግሣ መናገሻ ካደረጓት ወዲህ የከተመባት ሰው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አጠገቧ ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችን አስፍረው ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ከተማዪቱ ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ቤት የሠራው ሁሉ እንደ አዲስ የጀመረ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ደግሞ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በእነዚያ ቤቶች ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው ያረጁ ወገኖቻችን ዛሬ ነባር ይባላሉ፤ በሕግ ግን ተከራዮች ናቸው። ይህን ማስታወስ ለሚከተለው ነገር ይጠቅመናል።

ዛሬ በሰፈሮቻችን የሚኖረው ሰው በዕድርና በሰበካ መዝገብ ከተጻፈው ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲው ማስተማር ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የግቢ ውስጥ ክፍሎች ለሠራተኛና ለተማሪ ይከራያሉ። ከገጠር ወጥቶ በቀን ሥራ የሚኖር ወጣት፣ በጓሮ ክፍል ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እናት፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ጋይንትና ወደ ጉና በደረሰ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የመጣ ቤተ ሰብ፣ ከዚያም በኋላ ሰላም አጥቶ ወደ ከተማ የገባ ሁሉ ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

እነዚህ ወገኖች ዕድር ለመግባት ሲጠይቁ የመግቢያ ክፍያ ይነገራቸዋል። የዕድር ዳኞች በዚህ ረገድ ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና የተቀመጠው ገንዘብ የብዙ ዓመት መዋጮ ነው፤ አዲስ የሚገባም ድርሻውን ማምጣት ይገባዋል ይላሉ። ነገር ግን ዕድሩ ባረጀ ቁጥር መግቢያው ይከብዳል፤ የቀን ሠራተኛም ያንን በአንድ ጊዜ ማምጣት አይችልም። እንግዲህ በዚያ የጓሮ ክፍል ሞት በመጣ ጊዜ ጥሩምባ አይነፋም። አስከሬኑን የሚሸከመው ግቢው ውስጥ ያለ አራት አምስት ሰው ነው፤ ለፍትሐቱም ካህን የሚጠራው ሰው ወዴት ሄዶ እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ጉዳዩ ከቀብር አልፎ ወደ ጤና ይደርሳል። በነባር ሰፈር የደጁን ቦይ የሚጠርገው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር። አሁን ግን ባለቤቱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄደበት፣ አምስትና ስድስት ተከራይ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀምበት ግቢ በዝቷል። ባለቤቱ ሩቅ ነው፤ ተከራዩም በሰፈሩ ስብሰባ ተጠርቶ አያውቅም። ሐምሌ ሲገባ የዚያ ግቢ ቦይ ይደፈንና ፍሳሹ በነባሩ ሰው ቤት ይገባል። ነባሩም «እነዚህ ተከራዮች» ይላል።

በዚህ ጥያቄ የተፈተንነው እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝ አገር ያሉ ትንንሽ የገበያ ከተሞች በጸጥታቸውና በጉርብትናቸው ይመሰገናሉ፤ ብዙዎቹም እንደ እኛ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ቦታ ዙሪያ የተቆረቆሩ ናቸው። በዚያ አገር በ1601 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ድኾቹን ከነዋሪው በሚሰበሰብ ግብር እንዲረዳ ተደረገ። ሥራው መልካም ነበር። ነገር ግን አጥቢያው የሚከፍል ስለ ሆነ፣ «የሚረዳው የእኛ ሰው ነው ወይስ የሌላ?» የሚለው ክርክር ተነሣ። በ1662 እ.ኤ.አ. በወጣው ሌላ ሕግ በዓመት ከ10 ፓውንድ ባነሰ ኪራይ ቤት የያዘ አዲስ ሰው ለአጥቢያው ሸክም ይሆናል ተብሎ ከተሠጋ፣ በመጣ በ40 ቀን ውስጥ ክስ ቀርቦበት ወደ ቀድሞ አጥቢያው እንዲመለስ ይደረግ ጀመር። ድኻን ለመርዳት የተከፈተው መዝገብ ድኻን ለመመለስ አገለገለ። ገና ምንም ሳይለምን መባረሩ የቀረው በ1795 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ዘንድ ከዚህ የተለየ ልማድ ነበረ፤ አሁንም አለ። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩት በምን እንደ ሆነ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ አኮፋዳውን አንግቶ የመጣውን የቆሎ ተማሪ ጎረቤቱ አገሩን ሳይጠይቅ መግቦታል። ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለ ሰው መግቢያ ክፈል አልተባለም። በቡሄም ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ ሲዞሩ ሙልሙሉን ከባለቤትም ከተከራይም ቤት ይቀበላሉ፤ የጓሮውን ክፍል አልፈው አይሄዱም።

ስለዚህ ለየአጥቢያው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲው መሠረት ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን የያዘ ስለ ሆነ በየግቢው ለመግባት ከእርሱ የተሻለ የለም። የአባልነት ክፍያ ከሚሰበሰብበት መዝገብ ሌላ፣ በአጥቢያው ክልል የሚያድረው ሰው ሁሉ የሚታወቅበት አንድ ደብተር ይከፈት። ወጣቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይዙሩ፤ ነፍሰ ጡር፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ያለበትን ይጻፉ፤ ስለ ገንዘብ በዚያ ቀን አይነሣ። የደብተሩ ጠባቂ ምሥጢር የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ በተለይ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ስሙ ሲጻፍ ሊፈራ እንደሚችል አትዘንጉ፤ አልጻፍም ያለውን አታስገድዱት። የቦይ ጠረጋው ቀን ከሰኔ በፊት ተቈርጦ ለተከራዮችም ይነገር፤ ሰው ለሥራ የተጠራበት ሰፈር የራሱ ይመስለዋል።

የዕድሩ ነገር ግን በሰበካ ጉባኤ ብቻ አይወሰንም። ዕድር የራሱ መተዳደሪያና ዳኞች ያሉት ነው፤ በብዙ ከተሞችም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በአንድነት የሚገቡበት ነው። ስለዚህ በልመናና በምክር እንጂ በትእዛዝ አይቀርብም። እኛ የምንጠይቀው መግቢያው በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ ክፍያውን ሳይጨርስ ሞት ለደረሰበትም ድንኳኑና ጥሩምባው እንዳይከለከል ነው። ዳኞቹ «ዕቃችንን ተጠቅሞ፣ ሳይጨርስ ቤት ቢለቅስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንዶች ዋስ ይጥራ ይላሉ፤ እኛ ግን ዋስ የሚሆን ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞም አልተቸገረም እንላለን። የሰንበቴው ማኅበር ወይም አጥቢያው ራሱ ዋስ መሆን ይችል እንደ ሆነ ከምሳ በኋላ በየአጥቢያችሁ ተቀምጣችሁ ምከሩበት፤ የዕድር ዳኞችም ስለ ተጠሩ አብረዋችሁ ይቀመጣሉ።