ለሁሉም የሚሆነውና ለእያንዳንዱ የሚተወው
በባሕር ዳር ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሰዎች በጋራ በሚሠሩበት ኮምፒዩተር ላይ የአካባቢ ተለዋዋጮችን ማን ይወስን? የትስ ይጻፉ? የአካባቢ ተለዋዋጭ ማለት ስምና ዋጋ ያለው አጭር መመሪያ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ከአስጀመረው ፕሮግራም ይወርሰዋል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ገብቶ እስከ ዛሬው ሊኑክስ ደርሷል።

ውርሱ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትነሣ ታንኳ የምትይዘው ስትነሣ የተጫነላትን ብቻ ነው፤ ከሄደች በኋላ በዳርቻው የተከመረ ዕቃ አይደርሳትም፤ በመንገድ ያወረደችውም በዳርቻው የቀረውን አይለውጥም። ስለዚህ ኃላፊው ፋይሉን ቢያርም፣ ቀድሞ የገባ ተጠቃሚ ወጥቶ እንደገና እስኪገባ ድረስ ለውጡን አያገኝም።

የተለመዱት የመጻፊያ ስፍራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ኢቲሲ በተባለው ማውጫ ውስጥ የሚገኘው «ኢንቫይሮንመንት» የተሰኘው ፋይል ነው፤ ስምና ዋጋን ብቻ ይቀበላል፣ የሼል ትእዛዝ አይፈጽምም። ሁለተኛው በዚያው ማውጫ ያለው «ፕሮፋይል» ሲሆን፣ ማንኛውም ተጠቃሚ በሼል ሲገባ ይነበባል። ሦስተኛው በተጠቃሚው በራሱ ማውጫ ያለው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው «ፕሮፋይል» ነው፤ በኋላ ስለሚነበብ የእርሱ ቃል ይጸናል። የይለፍ ቃልና ምስጢር ግን በጋራው ፋይል ሊጻፍ አይገባም፤ ሁሉም ያነበዋልና።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ነገር ይመጣል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ «ጣና» የሚለው ቃል በ2 ፊደል 6 ባይት ይሆናል። «ላንግ» የተባለው ተለዋዋጭ ዩቲኤፍ-8ን ካላመለከተ፣ ቆጣሪው ፕሮግራም 2 በማለት ፈንታ 6 ይላል፤ በአማርኛ የተሰየመ ፋይልም በጥያቄ ምልክቶች ሊተካ ይችላል። የተማሪ ወይም የታካሚ ስም በመዝገብ ሲበላሽ ጉዳቱ የማሽኑ ሳይሆን የሰውየው ነው።

ስለዚህ ኃላፊው ለሁሉም ሊወስነው የሚገባው ለሁሉም አንድ የሆነውን ነው፤ ይኸውም ዩቲኤፍ-8ንና የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል ነው። የቋንቋው ምርጫ ግን ለተጠቃሚው ይተው። በሊኑክስ የተለመደው የጂኤንዩ ሲ ቤተ መጻሕፍት ለኢትዮጵያ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሶማልኛ፣ የአፋርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የግዕዝ ልማዶችን ይዟል። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ ኃላፊው «ኤልሲ ኦል» የተባለውን ተለዋዋጭ በጋራው ፋይል ቢጽፍ፣ እርሱ ከላንግ በላይ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው በራሱ ፋይል ላንግን ቢለውጥም ምንም ውጤት አያገኝም። ተከልክለሃል የሚለው መልእክት እንኳ አይደርሰውም፤ ኮምፒዩተሩ ቋንቋውን የማያውቅ መስሎት ይቀራል።

እንግዲህ የጋራውን ፋይል ስንከፍት አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ይህ መስመር ለሁሉም እውነት ነውን? ከሆነ እንጻፈው፤ ካልሆነ ለባለቤቱ እንተውለት።